ፓፍ ከኪስ አይጥፋ፤ ሕክምናውም አይቋረጥ

(በጅማና በአካባቢዋ ለሚያገለግሉ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከጅማ እስከ አጋሮና ሊሙ ገነት ባለው አካባቢያችን ቡና የኑሯችን መሠረት ነው። ይሁን እንጂ ጀንፈል ሲፈለፈል የሚነሣው ብናኝና የማገዶ ጢስ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ያሳጥራሉ። በቅዳሴ ጊዜ የዕጣን ጢስ የሚከብዳቸው ምእመናንም አሉ። እነዚህን ወገኖች በበር አቅራቢያ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ማስቆም የእኛ ድርሻ ነው።

ከእነርሱ መካከል ሳልቡታሞል የተባለውን፣ በተለምዶ «ፓፍ» የምንለውን መድኃኒት የሚይዙ አሉ። አስም ሲነሣ የሳንባ አየር ቧንቧዎችን የከበበው ጡንቻ ይኮማተራል፤ ቧንቧዎቹም ከውስጥ ያብጣሉ። ፓፍ ጡንቻውን በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ ኃይሉም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። እብጠቱን ግን አያድንም። ለእብጠቱ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ፣ በየዕለቱ የሚሳብ ሌላ መድኃኒት አለ። ስለዚህ በሳምንት ከ2 ጊዜ በላይ ፓፍ የሚያስፈልገው ሰው ሕመሙ አልተገታምና ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ እንምከረው። በፓፍ ብቻ መኖር ሕመሙን ሸፍኖ ለአደጋ ያደርሳል።

ፓፍ ሱስ ያስይዛል የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። የእጅ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠን ሊያስከትል ይችላል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በአጭር ጊዜ ያልፋል። የልብ ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነውና የጎረቤትን መድኃኒት መዋስ አይገባም።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው በጸበል ስፍራ ስለሚሆነው ነው። የሚጠመቀው ሕመምተኛ ፓፉን እንዲጥል የሚመክሩ አሉ። አስም ግን በአንድ ሌሊት ሊገድል ይችላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ አስተምረዋል። ያው ምክር ለአስም ሕመምተኛም ይሠራል።

ሕመምተኛው መናገር ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ፓፍ ወስዶ ካልተሻለው ቀና አድርገን እናስቀምጠው፤ ፓፉን እያስወሰድንም ሳንዘገይ ወደ ሆስፒታል እናድርሰው። ለዚህም እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ሌሊትም ቢሆን የሚደርስ የአንድ ባለባጃጅ ስልክ ከወዲሁ ይያዝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።