ሻንጣችሁ ከእጃችሁ ሲወጣ
(በመፋዛ ለጉዞ ለሚሰናዱ ወገኖችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ቃለ መጠይቅ ወይም ስለ ሕክምና ምርመራ አይደለም፤ ስለ ሻንጣ ነው። «ስንት ዓመት ጉዳያችንን ስንጠብቅ ኖረን፣ ለሻንጣ ደግሞ ስብሰባ ያስፈልጋል ወይ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። አዎን፣ ያስፈልጋል። ከአገራችን ስንወጣ ብዙዎቻችን የያዝነው አንድ ፌስታል ወይም አንድ ጋቢ ብቻ ነበር። ከዚህ ስንነሣ ግን በሻንጣችን የምናስገባው የዓመታት ማስረጃችንን ነው።

እኛ ይህን የምንነግራችሁ የአየር መንገድ ሠራተኞች ሆነን አይደለም። ተጓዦችን ስንሸኝ፣ ሻንጣ ስናስርና ከደረሱ በኋላ የላኩልንን መልእክት ስንቀበል የተማርነውን ነው።

ከሸኘናቸው ተጓዦች አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ ካናዳ ሄደች። የባሏ ጉዳይ በሌላ ፋይል ስለ ነበር እርሱ እዚሁ ቀረ። በመሄጃዋ ዋዜማ የጋብቻ ወረቀቷን፣ የሠርግ ፎቶግራፎቿንና የእናቷን የወርቅ ጉትቻ በአንዲት የቆዳ ቦርሳ አድርጋ ከትልቁ ሻንጣ ሥር ቀበረችው። «ትልቁ ቁልፍ አለው» ብላ ነው። ሻንጣው ከእርሷ ጋር አልደረሰም። በአራተኛው ቀን ሲመጣላት ቁልፉ እንደ ተቆለፈ፣ ዚፑም እንደ ተዘጋ ነበር። ረከቦቱ አለ፣ ነጠላዎቹም አሉ፤ የቆዳ ቦርሳዋ ግን የለችም። ሌባው የፈለገው ወርቁን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ወረቀቱ ለእርሱ ምንም ስለማይጠቅመው የትም ጥሎት ይሆናል።

ለእርሷ ግን ከወርቁ የሚበልጠው ወረቀቱ ነበር። ካናዳ በስደተኝነት ተቀብላ ያሰፈረችው ሰው፣ ወደ ኋላ የቀረ የትዳር ጓደኛውን ወይም ልጁን አስቀድሞ አስመዝግቦ ከሆነ፣ በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያመለክትላቸው የሚችልበት ደንብ አላት። ከዚያ ዓመት ሰባት ወሩ ያለቀው የጠፋውን ወረቀት የሚተካ ማስረጃ በማሰባሰብ ነው። የሠርጉን ምስክሮች ስንፈልግ አንደኛውን ገዳሪፍ፣ ሌላውን ካርቱም አገኘን። ማመልከቻው ገባ፤ ዓመቱ ሊሞላ የቀሩት ቀኖች ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በእነዚያ ወራት ባልየው እንዴት ከሰውነት ተራ እንደ ወጣ ያየን እናውቃለን።

እንግዲህ የንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ በአውሮፕላኑ ሆድ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ሊተካ የሚችል ነገር ብቻ ይግባ። ቁልፉም፣ ገመዱም፣ ላስቲኩም ከዚህ ቀጥለው የሚመጡ ናቸው።

ሻንጣ የት ይሰረቃል? ከምናስረክብበት መስኮት እስከምንረከብበት ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። የሚመዝነው፣ የሚፈትሸው፣ በጋሪ የሚገፋው፣ የሚጭነውና የሚያወርደው የተለያየ ሰው ነው። አብዛኞቹ እንጀራቸውን በሐቅ የሚበሉ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ እጅ ብቻ ይበቃል። በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ከ1,000 አየር መንገደኞች መካከል 7 ለሚያህሉት ሻንጣ ዘግይቷል፣ ጠፍቷል ወይም ተጎድቷል። ከዚህም ግማሽ ያህሉ የደረሰው ሻንጣ ከአንድ አውሮፕላን ወደ ሌላ ሲዛወር፣ ማለትም በትራንዚት ነው። አብዛኛው መዘግየት እንጂ ስርቆት አይደለም። ሆኖም የዘገየ ሻንጣ ባለቤቱ በሌለበት አገር የሚያድር ሻንጣ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ሁለትና ሦስት አውሮፕላን ሳይቀያይር የሚደርስበት ጊዜ እምብዛም ነው።

ከአውሮፕላኑ በፊት ያለው መንገድም አይዘነጋ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ የከተማው የአውሮፕላን ጣቢያ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጓዥ በከሰላ በኩል አድርጎ እስከ ፖርት ሱዳን በመኪና ለመሄድ ተገድዷል። መንገዱ ረጅም ነው፤ በየኬላው መውረድና መፈተሽ አለ። በአውቶቡሱ ጣራ ላይ የሚጫነውንም ልክ በአውሮፕላን እንደሚጫነው ቁጠሩት። በእያንዳንዱ መቆሚያ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ወርዶ ዕቃውን ይመልከት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ ከእጅ የማይለይ ምንድን ነው? የጉዞ ሰነድ፣ የጋብቻና የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የሐኪም ወረቀትና በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ናቸው። ገንዘብ፣ ወርቅ፣ ስልክና ሊተካ የማይችል ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት፣ አይ ኦ ኤም የምንለው፣ ለተጓዥ ስደተኞች የሚሰጣትን ምልክት ያለባት ነጭ የላስቲክ ቦርሳ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አንዳንድ ወጣቶች ያቺን ቦርሳ መያዝ ያሳፍራቸዋል፤ በሻንጣ ውስጥ ይከቷታል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። በየጣቢያው የሚቀበሏችሁ ሰዎች የሚለዩአችሁ በእርሷ ነው፤ ወረቀታችሁም ያለው በውስጧ ነው። በአንገታችሁ ወይም በትከሻችሁ ትንጠልጠል፤ ስትተኙም ከራሳችሁ ሥር ትሁን።

የስልክ ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ብቻ የሚያዙ ናቸው። እሳት የማስነሣት አደጋ ስላላቸው፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሲገኙ ሻንጣው ይከፈታል። በተቃራኒው ማር፣ ዘይትና ይህን የመሰለ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ በእጅ ይዞ መግባት በብዙ ጣቢያዎች ስለማይፈቀድ ወደሚጫነው ይግባ። ቅቤና ቋንጣን በተመለከተ ግን ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መግባት የተከለከለ መሆኑን አውቃችሁ እዚሁ ለጎረቤት ተዉት። ለልጆቻችሁ አንድ ቅያሪ ልብስና ሹራብ በእጅ ያዙ። ሻንጣው ቢዘገይ ልጅ በብርድ አገር በሸሚዝ አይቆምም።

ሁለተኛው አስተሳሰሩ ነው። ብዙ ሰው በቁልፍ ይተማመናል። ነገር ግን የዚፕን ጥርስ በእስክሪብቶ ጫፍ መሰንጠቅ ይቻላል፤ ሌባው የፈለገውን ካወጣ በኋላ የዚፑን መሳቢያ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሰው ተመልሶ ይገጥማል። ቁልፉ ሳይነካ ሻንጣው ይራቆታል። ያቺን እናት የገጠማትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ የዚፑን መሳቢያ ከሻንጣው እጀታ ጋር አጥብቃችሁ እሰሩት፤ በሻንጣው ዙሪያም በመስቀለኛ ቀበቶ ወይም ገመድ አዙሩበት። በጣቢያ በላስቲክ ማስጠቅለልም ይረዳል፤ ገንዘብ ግን ያስከፍላል።

አቅም ለሌለን ደግሞ እናቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ አለ። እህል የሞላ ጆንያ አፉ በወስፌና በሲባጎ ሲሰፋ፣ ስፌቱ የተነካ እንደ ሆነ ባለቤቱ ያውቃል። ሻንጣውን በንጹሕ ጆንያ ወይም በወፍራም ሸራ አልብሳችሁ፣ ቀለሙ ለየት ባለ ክር ስፉት። የፀጥታ ፈታሾች የመክፈት ሥልጣን ስላላቸው ስፌቱን ሊቀዱት ይችላሉ፤ ለዚህ አትቆጡ። የስፌቱ ጥቅም ሻንጣው መከፈቱን መመስከሩ ነው። ቸኩሎ የሚሠራ ሌባም ብዙ የሚያደክመውን ትቶ ቀላሉን ይመርጣል።

ሦስተኛው ማስረጃ ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት የሻንጣውን ውስጥ፣ ከዘጋችሁም በኋላ ውጭውን በስልክ ፎቶግራፍ አንሡ። የዕቃውን ዝርዝር በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ አንዱን በውስጡ፣ አንዱን በእጃችሁ አድርጉ። ስማችሁንና የምትደርሱበትን ሰው ስልክ በውስጥም በውጭም ጻፉ። በመስኮቱ ስታስረክቡ ሠራተኛው በሻንጣው ላይ ታግ የሚባል ረጅም ወረቀት ያስርና ቁራጩን ይሰጣችኋል። በላዩ አሥር አኃዝ ያለው ቁጥርና የመድረሻው ከተማ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉበት። ለአዲስ አበባ ኤ-ዲ-ዲ፣ ለቶሮንቶ ዋይ-ዋይ-ዜድ ነው። ፊደሉን የማታውቁ የሚያውቀውን ሰው አስነብቡ፤ የመጨረሻው መድረሻችሁ መሆኑን ሳታረጋግጡ ከመስኮቱ አትራቁ። የተመዘነውንም ኪሎ ጻፉ።

ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ለሚል አንድ የታወቀ ጉዳይ እንጥቀስ። በ2023 እ.ኤ.አ. ሁለት ብራዚላውያን ሴቶች ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ሲደርሱ ዕፅ አመላላሽ ተብለው ታሰሩ። በሳኦ ፓውሎ የአውሮፕላን ጣቢያ የሚሠሩ ወንጀለኞች የሴቶቹን ታግ ነቅለው ኮኬይን በሞላባቸው ሌሎች ሻንጣዎች ላይ ለጥፈውት ነበር። ሴቶቹ 38 ቀን ታስረው የተለቀቁት የጣቢያው ካሜራ ሥራውን ስላጋለጠ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ አይደርስም። ቢደርስ ግን የሻንጣችሁን መልክና ክብደት የሚያሳይ ፎቶግራፍ በእጃችሁ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ ጋር የአደራ ነገር ይነሣል። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው፤ የተቀበልነውን ማድረስ ባህላችን ነው። ተጓዥ ሲሰናበት ከየጎጆው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ደብዳቤና የታሸገ ጥቅል ይመጣል። ነገር ግን በጣቢያ «ሻንጣውን ያሰናዳኸው ራስህ ነህ?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ስለዚህ ያልተፈታና በዓይናችሁ ያልታየ ነገር አትቀበሉ። ላኪዎችም ጥቅላችሁ ሲፈታ አትቀየሙ። ሰውን ስለ ጠረጠርን አይደለም፤ የተጓዡ ጉዳይ በአንድ ጥቅል ምክንያት እንዳይሰናከል ነው።

አራተኛው ስንደርስ የምናደርገው ነው። ሻንጣው ከቀረ፣ ከተቀደደ ወይም ስፌቱ ከተነካ፣ ከአዳራሹ ሳትወጡ የሻንጣ አቤቱታ ወደሚቀርብበት ቢሮ ሂዱ። ቋንቋ ባይኖራችሁ የታጉን ቁራጭና ፎቶግራፉን አሳዩ፤ ይበቃል። አቤቱታችሁ የተመዘገበበትን ወረቀትና ቁጥሩን ሳትቀበሉ አትውጡ። ካናዳ፣ አሜሪካ፣ አውስትራሊያና የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የተቀበሉት የ1999 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት እንደሚለው፣ ለተጎዳ ሻንጣ በተረከባችሁት በ7 ቀን ውስጥ፣ ለዘገየ ደግሞ እጃችሁ በገባ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ። ዕቃ የተወሰደበትንም ሻንጣ በ7 ቀኑ ውስጥ አመልክቱ። መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ካለፈው ሻንጣው እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የካሣው ጣሪያ ለአንድ ተጓዥ 1,519 ኤስ ዲ አር የሚባል መለኪያ፣ በግምት 2,000 የአሜሪካ ዶላር ነው። ይህ ጣሪያው እንጂ ሁሉም የሚያገኘው አይደለም፤ የሚከፈለው ባስረዳችሁት ልክ ነው። ብዙ አየር መንገዶችም በተጫነ ሻንጣ ውስጥ ለገባ ገንዘብ፣ ወርቅና ሰነድ ኃላፊ እንዳልሆኑ በደንባቸው ይጽፋሉ።

በመጨረሻ ለምትቀሩት የምንለው አለ። ይህ ንግግር የተጓዡ ብቻ አይደለም። ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት የወረቀቶቹን ግልባጭ ከምታምኑት ዘመድ ዘንድ ይተው፤ የቀረው ሰውም እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው። የዚያች እናት ግልባጭ እዚህ በአንድ ጎረቤት ሣጥን ውስጥ ቢገኝ ኖሮ ሰባት ወር በሰባት ቀን ባለቀ ነበር። ባልየው የራሱ ጉዳይ እስኪያልቅ ድረስ የሁሉንም ወረቀት ግልባጭ በሁለት ቦታ አስቀምጧል። አንዱ እኛ ዘንድ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ለጉዞ የተጠራችሁ በመሄጃችሁ ዋዜማ ሳይሆን ሳምንት ሲቀራችሁ ወደ እኛ ኑ። ወስፌውና ሲባጎው አለን፤ ዝርዝሩንም አብረን እንጽፋለን።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ። አመሰግናለን ለማለት ሳይሆን፣ መድረሳችሁንና ሻንጣችሁ ሳይነካ መምጣቱን ለመንገር ጻፉልን።