የጊታር ድምፅ በመንገድ እንዳይቀር

(በተበላ፥ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሰሞን በሙዚቃ ክበብ ስብሰባ ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)



የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም ገንዘብ የሚነካ ነው። እንደምታውቁት ክበባችን ከተማሪዎችና ከወላጆች መዋጮ ጥቂት ገንዘብ ሰብስቦአል፤ ከአባሎቻችንም ብዙዎቹ «የጊታራችን ድምፅ ደንዝዞአልና አዲስ አምፕሊፋየር ይገዛ» ይላሉ። እኔ ግን አምፕሊፋየሩ በደል የለበትም እላለሁ፤ ምክንያቱንም ላስረዳ።

ባለፈው ቅዳሜ በልምምድ ላይ የነበራችሁ እንደ ሰማችሁት፥ አንዱን ዜማ በአንዱ ጊታር ሁለት ጊዜ አስጫወትን። በመጀመሪያው ጊዜ ድምፁ በአምስት ፔዳሎች ውስጥ አለፈ፤ አምስቱም ጠፍተው ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ገመዱ ከጊታሩ በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ ገባ። የጠፋ ፔዳል እንደሌለ የሚቈጠር ቢሆን ኖሮ በሁለቱ መካከል ልዩነት ባልተሰማ ነበር። ዳሩ ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳመጡ የ9ኛ ክፍል ልጆች እንኳ ለይተውታል፤ የመጀመሪያው ከብርድ ልብስ ሥር የሚወጣ ድምፅ ይመስል ነበር።

ይህ ከምን መጣ? ከጊታሩ ክሮች ሥር ያለው ፒክአፕ የሚባለው ዕቃ ማግኔትና ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ክሩ ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ይወለዳል። ይህም ደካማ ኃይል በገመድ ይጓዛል፤ ገመዱም ራሱ ቀጭኑን ድምፅ ይበላል። በመካከሉ ያለው ሽቦና ዙሪያውን የሸፈነው የሽቦ መረብ እንደ ካፓሲተር ሆነው በያንዳንዱ ሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ይይዛሉና። በፊዚክስ የተማርነውን ቀመር ይዘን ብናሰላ፥ 3 ሄንሪ ያለው ፒክአፕ ከ700 ፒኮፋራድ ጋር ሲገናኝ ድምፁ ጐልቶ የሚሰማበት ቦታ 3500 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ገመዱ ረዝሞ 1500 ፒኮፋራድ ሲደርስ ግን ወደ 2400 ይወርዳል። ከዚያ በላይ ያለው ጥርት ያለው ድምፅ እየሳሳ ይጠፋል።

በዚህ ላይ የፔዳሎቹ በደል ይጨመራል። ዋዋ የተባለውን ፔዳል እንውሰድ። ይህ ፔዳል በአሜሪካ አገር በካሊፎርንያ ተፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ የቀረበ ሲሆን በእኛም ሙዚቃ ውስጥ ስም አለው፤ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 በኒውዮርክ ባሳተመው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በተባለው ሸክላ የዋዋው ጊታር እንደ ሰው አፍ ሲናገር ይሰማል። የጥንቶቹ ዋዋዎች ሲጠፉ የሚቈረጠው መውጫቸው ብቻ ነበር፤ መግቢያቸው ከጊታሩ ጋር እንደ ተያያዘ ይቀር ነበር። ስለዚህ ፔዳሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦም ድምፅ ይጠጣል። ወላጆቻችን በመስኖ እንደሚያውቁት ነው፤ ቦዩ በአሸዋ ላይ ካለፈ ማሳው ባይከፈትም ውሃው በመንገድ ይቀራል።

ሁሉም ፔዳሎች እንዲህ አይደሉም። እንደ ቦስ ያሉት የጃፓን ፔዳሎች ሲጠፉም ድምፁን በበፈር ያሳልፋሉ። በፈር ማለት ጊታሩን ሳያደክም ድምፁን ተቀብሎ ገመዱን በራሱ ብርታት የሚገፋ ትንሽ ሰርኪዩት ነው። አንዱ መልካም ነው፤ ብዙ ሲደረደሩ ግን እያንዳንዱ የራሱን ጥቂት የሽሽታ ድምፅ ይጨምራል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። የባይፓስ ማዘዋወሪያ የሚባለው ሳጥን ፔዳሎቹን በሙሉ ከመንገዱ አውጥቶ ጎን ያቆማቸዋል። በሎስ አንጀለስ ቦብ ብራድሾ የተባለው ባለሙያ ለታላላቅ ጊታር ተጫዋቾች ትልልቅ ማዘዋወሪያዎችን በመሥራት ታውቋል። ለእኛ ግን ባለ ስድስት እግር የእግር ስዊች፥ አራት ጃክ፥ ጥቂት ሽቦና አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ይበቃል። አንደኛው ጃክ ከጊታሩ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ፔዳል ይሰድዳል፤ ሦስተኛው ከመጨረሻው ፔዳል ይመልሳል፤ አራተኛው ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል። ስዊቹን በእግር ሲረግጡት ፔዳሎቹ ከመግቢያም ከመውጫም ይቈረጡና ድምፁ ከአንደኛው ጃክ ወደ አራተኛው በቀጥታ ያልፋል። ባትሪ እንኳ አያስፈልገውም፤ መብራት ይኑረው ካላችሁ ግን ባለ ዘጠኝ እግር ስዊችና ባትሪ ይገዛ። (እኔ መብራቱን አልደግፍም፤ ተጫዋቹ ጆሮ አለው።) ስዊቹ ሲረገጥ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፥ ወደ ፔዳሎቹ በሚሄደውና ከነሱ በሚመለሰው ጃክ ላይ ወደ መሬት የሚወርድ ባለ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር መበየድ ነው።

ሳጥኑ ተአምር አይሠራም። ከመድረክ እስከ አምፕሊፋየር ያለው ገመድ ረጅም ከሆነ ያ ገመድ ድርሻውን መብላቱን አይተውም። በእንግሊዝ አገር ፒት ኮርኒሽ የተባለው የፔዳል ሠሪ በፈር የሌለበትን ረጅም መንገድ አጥብቆ የሚነቅፈው ስለዚህ ነው። እንደዚህ ሲሆን ከሳጥኑ መውጫ በኋላ አንድ በፈር ይጨመር። ፈዝ የሚባለው ፔዳል ግን ከጊታሩ በቀጥታ መቀበል ይወዳልና ከፊቱ በፈር አይቁምበት።

«ይህ ሁሉ ድካም ለትንሽ ቀጭን ድምፅ ነውን?» የሚል ይኖራል። አዎን፤ ምክንያቱም የአገራችን የጊታር አጨዋወት ከክራር ብዙ ተምሮአል፤ ክሩ አንድ በአንድ ይነጠቃል እንጂ ሁሉ በአንድነት አይጠረግም። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የቀዳውን «ኧረ መላ መላ» ስሙ፤ የሰላም ስዩም ጊታር እያንዳንዱ ንጥቂያ ተለይቶ ይሰማል። የእኛም ባንድ በጊፋታ ሲጫወት ከበሮው፥ ጭብጨባውና ባሱ የታችኛውን ድምፅ ሁሉ ይይዙታል፤ ለጊታሩ የሚተርፍለት ቦታ ከላይ ያለው ብቻ ነው። ያንን ፔዳሎቹ ከጠጡት፥ ተጫዋቹ ጣቱ እስኪቈስል ቢጫወት ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ የቆመ ሰው አይሰማውም። አዲስ አምፕሊፋየርም የሚያጎላው የደረሰለትን ድምፅ ነው፤ በመንገድ የቀረውን ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ በአምፕሊፋየሩ ግዢ ላይ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ሳጥኑ ይሠራና የቅዳሜው ሙከራ በወላጆች ፊት ይደገም። ከዚያም በኋላ ድምፁ የደነዘዘ ከሆነ ለአምፕሊፋየሩ እጄን ቀድሜ አነሣለሁ። ሥራው ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ይጀመራል፤ መበየጃው አንድ ብቻ ስለሆነ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይበይዳል።