የተሰጠን አንድ ሰዓት

የንባብ ክፍል፦ ዕብራውያን 12፥1-2



እኛ የሯጮች አገር ሰዎች ነን፤ ስለ ሩጫ ሲወራ ጆሯችን ይቆማል። ዛሬ ግን ስለ አንድ የሜክሲኮ ሰው ልንገራችሁ፤ አርቱሮ ባሪዮስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 በርሊን ላይ 10,000 ሜትርን በ27 ደቂቃ ከ08.23 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በኦሎምፒክ ግን ሜዳልያ አላገኘም። በ1988 ሴኡል ላይ 5ኛ ወጣ። በ1992 ባርሴሎና ላይም 5ኛ። የዚያን ቀን ነሐሱን የወሰደው የእኛው አዲስ አበበ ነበር።

በሁለቱ ኦሎምፒኮች መካከል፣ በ1991፣ ፈረንሳይ አገር ላ ፍሌሽ በምትባል ከተማ የአንድ ሰዓት ሩጫ ሮጠ። ይህ ሩጫ ከሌላው ይለያል። በሌላው ርቀቱ ይወሰንና “በስንት ደቂቃ ገባህ?” ይባላል። በዚህኛው የተወሰነው ሰዓቱ ነው። 60 ደቂቃው ሲሞላ ጥያቄው አንድ ነው፦ የት ደረስክ?

ባሪዮስ 21,101 ሜትር ደረሰ። ግማሽ ማራቶን 21,097.5 ሜትር ነው። ልብ በሉ! ትርፉ ሦስት ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ለሯጭ ሁለት እርምጃ ናት። ከ52 ዙር በኋላ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ባልደረሰ ነበር። እሱ ግን የግማሽ ማራቶንን ርቀት ከአንድ ሰዓት በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ የእኛም ዕድሜ እንዲሁ ነው። ሰዓቱን የያዘው ጌታ ነው። አንተ ግን ዘወር ዘወር እያልክ “ስንተኛ ነኝ?” ትላለህ። እሱ ቤት ሠራ፣ እሷ ውጭ አገር ሄደች፣ የእከሌ አገልግሎት ሰፋ። ሌላው ደግሞ “የኔስ አልፏል” ብሎ ቁጭ ብሏል። ማን ነው አልፏል ያለህ? ሰዓቱ እኮ ገና አልሞላም! የተጣላኸው ወንድምህ ደጃፍ ሁለት እርምጃ ቀርቶህ ይሆናል። ሂድና አንኳኳ።

ደግሞስ ክብረ ወሰን ምንድን ነው? የባሪዮስን የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 21,285 ሜትር ሮጦ ወሰደው። የኃይሌንም በ2020 ሞ ፋራህ ወሰደው። የሰው ክብር ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ስለማይጠፋው አክሊል የነገረን ለዚህ ነው።

ሮጦ የዳነ የለም፤ ያዳነን መስቀሉ ነው። የምንሮጠው ስለዳንን ነው። እንግዲህ ስንተኛ እንደሆንክ ተወውና የቀረህን ሩጥ።

ጌታ ሆይ፣ በቀረልን ሰዓት በፊትህ በታማኝነት እንድንሮጥ ጉልበት ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።