ጋርዴኒያ፤ የቡና ዘመድ የሆነው መዓዛማ ቁጥቋጦ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)




ጋርዴኒያ ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው አንድ ተክል ነው፤ ይኸውም ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ አበባው ነጭና ድርብርብ፣ መዓዛው ከሩቅ የሚጣራ የግቢ ቁጥቋጦ ነው። ዛሬ ላስረዳ የምወደው ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ዝርያዎች ጠባያቸው እጅግ የተለያየ መሆኑንና ልዩነቱን ሳያውቁ መትከል ድካምን ከንቱ የሚያስቀር መሆኑን ነው።

ስሙን እ.ኤ.አ. በ1761 ዓ.ም. ያወጣው የለንደኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ጆን ኤሊስ ነው። የሰየመውም በደቡብ ካሮላይና ይኖር ለነበረው ለስኮትላንዳዊው ሐኪም ለአሌክሳንደር ጋርደን መታሰቢያ ነው እንጂ፣ አንዳንዶች እንደሚመስላቸው የአትክልት ቦታ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አይደለም። ከ100 የሚበልጡት ዝርያዎች በአፍሪካ፣ በማዳጋስካር፣ በእስያና በፓስፊክ ደሴቶች ሞቃት አገሮች ይበቅላሉ።

ቤተሰቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የቡና ቤተሰብ ነው። በአበባ ወራት በቡና ማሳ መካከል ያለፈ ሰው ዝምድናውን በአፍንጫው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. የታተመ የዘረመል ጥናትም የቻይናውን ጋርዴኒያ ከቡና ጋር አነጻጽሮ፣ ቡና ካፌይንን፣ ጋርዴኒያ ደግሞ ክሮሲን የተባለውን ቢጫ ቀለም መሥራት የቻሉት በየበኩላቸው አንዳንድ ጂኖቻቸው ጎን ለጎን በመባዛታቸው መሆኑን ገልጧል።

የብዙ ዝርያዎች አበባ ነጭ ነው፤ ግርጌው ረጅምና ቀጭን ቧንቧ ሲሆን መዓዛው ሲመሽ ይበረታል። ይህም ረጅም ምላስ ያላቸውን የሌሊት እራቶች ለመጥራት የተሠራ ጥበብ ነው። አበባው ሲያረጅ ወደ ቢጫነት መለወጡ የዕድሜ እንጂ የበሽታ ምልክት አይደለም።

የቅጠሉ ቢጫነት ግን ሌላ ነገር ነው። የቻይናው ጋርዴኒያ አሲዳማና ውኃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋል። ኖራ በበዛበት መሬት ቢተከል ብረት ከአፈር መሳብ ስለሚሳነው፣ የቅጠሉ ሥሮች አረንጓዴ እንደ ሆኑ መካከሉ ይገረጣል። እንዲህ ያለውን ተክል «ውኃ ጠማው» ብሎ ማጠጣት መድኃኒት አይሆነውም። ይህ ዝርያ ለጌጥ ብቻ የሚወደድ አይደለም፤ ሳፍሮን የሚባለውን ውድ ቅመም የሚያቀላው ያው ክሮሲን በፍሬው ስለሚገኝ፣ በቻይናና በጃፓን ፍሬው ለምግብ ማቅለሚያ ያገለግላል። የታሂቲው ዝርያ አበባ ደግሞ በኮኮናት ዘይት ተዘፍዝፎ ሞኖይ የሚባለውን መዓዛማ ቅባት ይሰጣል።

የአፍሪካዎቹ ጠባይ ከነዚህ ይለያል። የደቡብ አፍሪካው ዝርያ እንደ እንጨት የጠነከረ ፍሬውን ለዓመታት ከቅርንጫፉ ሳያወርድ ይቆያል፤ ዘሩንም የሚበትኑለት ፍሬውን የሚበሉ ታላላቅ እንስሳት ናቸው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ የሚበቅለውና በአንዳንድ አካባቢ ጋምቢሎ የሚባለው ዝርያ ቅጠሎቹን ሦስት ሦስት አድርጎ ያወጣል፤ በየዓመቱ ሣሩን የሚጠርገውን የበጋ ቃጠሎ ተቋቁሞም እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ምቹ አልጋ ከሚሻው የቻይና ዘመዱ ጋር ሲተያይ ይህ ምን ያህል የሚደነቅ ብርታት ነው!

ይሁን እንጂ «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው፣ ለግቢያችን ጌጥ ስንመርጥ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ከሩቅ በመጣው ላይ ነው። የሃዋይ ደሴቶች ታሪክ እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ይሁነን። ናኑ የሚባለው የአገሩ ጋርዴኒያ የሚኖርበት ደረቅ ደን እየጠፋ ስለ ሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. ለመጥፋት ከተቃረቡት ዕፀዋት መዝገብ ገባ፤ በዱር የቀሩትም ዛፎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአበባው ውበት ዛፉን አላዳነውም፤ ተክልን የሚያድነው አድናቆት ሳይሆን በጊዜ የተሰበሰበ ዘርና በጊዜ የተተከለ ችግኝ ነውና።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባሎች የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በቆላው የምትሠሩ የጋምቢሎን ዘር ሰብስቡ፤ የችግኝ ጣቢያ ያላችሁ ዝሩት፤ በስንት ቀን እንደ በቀለ፣ በየትኛው አፈር እንደ ተስማማው፣ በስንት ዓመቱ እንዳበበ በመዝገብ ያዙ። የቻይናውንም ንቀን አንተወው፤ አፈሩ በሚስማማው ቦታ እንትከለው። እያንዳንዱ ዝርያ ጠባዩ በሚፈቅደው ስፍራ ሲቆም፣ ግቢያችን ያምራል፤ የአገራችንም ተክል ከእሳትና ከመጥረቢያ የሚተርፍበት ሁለተኛ ቤት ያገኛል።