«ዲከረንሱ ሲሸጥ»

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ስለ ዘላቂ ኑሮ ተናገሪ ስባል የማውቀው ገቢና ወጪን ነው።

በቆሰበር ዙሪያ፣ በባንጃም በፋግታ ለኮማም፣ መሬቱ አሲዳማ ሆኖ ምርት ሲነሳን ዲከረንስ ደረሰልን። አገሩ አውስትራሊያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ይታጨዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ከሰል ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ብዙዎቻችን ቆርቆሮ ቤት የሠራነው፣ ልጅ ያስተማርነው በእሱ ነው። ስለዚህ «ከሰል ተዉ» የሚለውን ምክር እኔ አልደግመውም፤ መካሪው ልጆቻችንን አያበላልንም።

ግን ዛፉን በሽታ ገባበት፤ ሳይደርስ ደረቀ። ያን ጊዜ የብድር ማመልከቻዎቻችንን አገላበጥኩ። «ብድሩን በምን ትመልሻለሽ?» ለሚለው ከሞላ ጎደል ሁላችንም የሞላነው አንድ መልስ ነበር፦ «ዲከረንሱ ሲሸጥ»። እኔም አይቼ ፈርሜበታለሁ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

ከእንግዲህ ሁለተኛ መመለሻ እጠይቃለሁ፤ ድንች ይሁን፣ ንብ ይሁን፣ በግ ይሁን። ከከሰሉ ሽያጭም ለመሬታችን ኖራ መግዣ ጥቂት ብር በየደብተራችን ይቀመጥ እላለሁ። መሬቱ ዋናው ገንዘባችን ነው፤ እስካሁን ግን እንደ ትርፍ ስንበላው ኖረናል።

አዲሱን ቅጽ ይዤ መጥቻለሁ። ማንበብ የሚያስቸግራት እህት ከስብሰባው በኋላ እኔ ጋ ትምጣ፤ አብረን እንሞላዋለን።