የኤሌክትሪክ እሳት እና የእሳት ማጥፊያ መሣሪያዎች፦ አመራረጥና አጠቃቀም



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ በየኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በየዕለቱ እያየነው የምናልፈው ቀይ ሲሊንደር ነው።

ከራሴ ልጀምር። መምህርነትን በጀመርኩበት ዘመን፣ እሠራበት በነበረው የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ከአንድ ጠረጴዛ ሥር እሳት ተነሣ። ብሬከሩን አወረድኩ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ አንሥቼም ረጨሁ። ነበልባሉ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ግን ከዚያው ቦታ እንደገና ተቀጣጠለ፤ ሲሊንደሩም ባዶ ሆኖ ነበር። በኋላ የደረሰው ቴክኒሺያን በክፍሉ ጥግ ወደሚገኘው ዩፒኤስ ሄዶ አጠፋው። ብልጭታው ያን ጊዜ ቆመ፤ የቀረውን ነበልባል ሁለተኛ ሲሊንደር በጥቂት ሴኮንዶች አዳፈነው። ኤሌክትሪኩን የቆረጥኩ መስሎኝ ነበር፤ አልቆረጥኩም። ጋዙ የሚወጣበትን ቀንድ መሰል አፍ በባዶ እጄ ጨብጬ ስለነበርም የግራ መዳፌ በቅዝቃዜው ተጎዳ።

ከዚያ ቀን የተማርኩት ቁም ነገር ይህ ነው፦ ኤሌክትሪክ ራሱ አይነድም። የሚነደው የሽቦው ልባስ፣ ፕላስቲኩ፣ እንጨቱና ወረቀቱ ነው። ኤሌክትሪክ የሙቀቱ ምንጭ ነው፤ ምንጩ እስካልተቋረጠ ድረስ ያጠፋነው እሳት ተመልሶ ይነሣል። ምንጩ ሲቋረጥ ግን በፊታችን ያለው ተራ እሳት ይሆናል፤ የሚረጨውን ሰው በኤሌክትሪክ የመያዝ አደጋም ይወገዳል። እንግዲህ የመጀመሪያው የእሳት ማጥፊያ ብሬከሩ ነው። ብሬከር ማውረድ ብቻውን የማይበቃባቸው ቦታዎች እንዳሉም አንዘንጋ፤ ዩፒኤስ፣ ጄኔሬተርና የፀሐይ ኃይል ባትሪ ባሉበት ሁሉ እነርሱም መጥፋት አለባቸው።

ኤሌክትሪኩን መቁረጥ ካልተቻለስ? ያን ጊዜ የምንረጨው ነገር ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሆን ይኖርበታል። የቧንቧ ውሃ በውስጡ በሟሙ ጨዎች ምክንያት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አረፋም አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። ስለዚህ በባልዲም ሆነ በቱቦ ውሃ መድፋት ክልክል ነው። የሚቀሩልን በዋናነት ሁለት ናቸው።

አንደኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኦክስጅንን አሳስቶ እሳቱን ያፍናል፤ ቅሪት አይተውም። በመሆኑም ለኮምፒውተርና ለቤተ ሙከራ መሣሪያ ተመራጭ ነው። ይሁን እንጂ ፍሙን እምብዛም አያቀዘቅዝም፣ ነፋስ ባለበት ይበተናል፣ በጠባብና በተዘጋ ክፍል ደግሞ የረጪውን ሰው ትንፋሽ ያሳጣል። ሲወጣ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ በመያዣው እንጂ በአፉ አይያዝም።

ሁለተኛው ደረቅ ዱቄት ነው። ኃይለኛ ነው፤ በገላጣ ቦታም ይሠራል። ነገር ግን በብዛት የሚሠራበት የአሞኒየም ፎስፌት ዱቄት እርጥበት ሲያገኝ ብረትን ይበላል። ከእሳቱ የተረፈውን ኮምፒውተር ዱቄቱ ሊያበላሸው ይችላል።

አሁን ብዙዎቻችንን ወደሚያሳስት ነጥብ ልምጣ። በሲሊንደሩ ላይ «ኤቢሲ» የሚል ጽሑፍ እናነባለን። በአሜሪካ ደረጃ «ሲ» ማለት ኤሌክትሪክ ያለበት መሣሪያ እሳት ነው። በአውሮፓ ደረጃ ግን «ሲ» የጋዝ እሳት ሲሆን፣ ለኤሌክትሪክ የተለየ ፊደል የለም። በቻይና ደረጃም «ሲ» ጋዝ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ፊደል «ኢ» ነው። ወደ አገራችን የሚገቡት ሲሊንደሮች ከልዩ ልዩ አገሮች እንደመሆናቸው ፊደሉን ብቻ አይቶ መግዛት ያሳስታል። ፊደሉ በየትኛው ደረጃ እንደተጻፈ፣ ከሥሩም ስለ ቮልቴጅና ርቀት የተጻፈውን እናንብብ። ለምሳሌ «እስከ 1000 ቮልት፣ ከ1 ሜትር ርቀት» የሚል ከሆነ፣ ለ220 ቮልቱ ሶኬታችን ይበቃል፤ 15 ሺህ ቮልት ለሚቀበለው የሰፈር ትራንስፎርመር ግን አይሆንም። ከትራንስፎርመር እሳት መራቅና ባለሙያ መጥራት እንጂ መቅረብ አይገባም።

አጠቃቀሙን በአጭሩ ልናገር። መውጫ በሩን ከጀርባችሁ አድርጉ። ቀለበቱን ሳቡ፤ አፉን ወደ ነበልባሉ ጫፍ ሳይሆን ወደ ሥሩ አነጣጥሩ፤ መያዣውን ጭመቁ፤ ግራና ቀኝ ጥረጉ። አነስተኛ ሲሊንደር በሴኮንዶች ውስጥ ያልቃልና ከሩቅ አታባክኑት። ከጠፋ በኋላም ፊታችሁን ሳታዞሩ ጥቂት ጠብቁ። ጭሱ ክፍሉን ከሞላ ግን ሲሊንደሩን ትታችሁ ውጡ፤ በሩንም ዝጉት።

ስለ ጥገናም አንድ ነገር ልጨምር። የዱቄቱ ሲሊንደር የግፊት መለኪያ አለው፤ ቀስቱ አረንጓዴው ላይ መሆን አለበት። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን በተለምዶ መለኪያ የለውም። በውስጡ ያለው ፈሳሽና ጋዝ በመሆኑ ፈሳሹ እስኪያልቅ ግፊቱ እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ መጉደሉ የሚታወቀው ተመዝኖ ነው። ያልተመዘነ ሲሊንደር ሙሉ ነው ብሎ ማመን አይቻልም።

ለመደምደም አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። ይህን አዳራሽ የሚቆጣጠረው ብሬከር የት እንደሆነ ከመካከላችን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ ራሴ ያወቅሁት ዛሬ ጠዋት ለዚህ ገለጻ ስዘጋጅ ነው፤ ከዋናው በር በስተቀኝ ካለው ቁም ሣጥን ጀርባ ነው። ቁም ሣጥኑን ለብቻዬ ማንቀሳቀስ አልቻልኩም። ከዚህ ስንወጣ አብረን እንድናነሣው እጠይቃለሁ።