ማየትና ማንበብ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ንባብ ነው። «ጸሐፊ ስለ መዋጮ እንጂ ስለ ንባብ ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ያገባናል። ማስታወቂያ ጽፈን እንለጥፋለን፤ ሰው ቆም ብሎ ርእሱን ያይና ይሄዳል፤ ኋላ ቅጣት ሲባል «መቼ ተነገረን?» ይላል። ያየ ሁሉ አላነበበም።

እንደሚታወቀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲታወጅ አያት ከልጅ ልጅ ጋር ፊደል ቆጥሯል። ዘመቻው በ1972 ዓ.ም. የዩኔስኮን ሽልማት አግኝቷል። ትምህርቱ የተሰጠው በ15 ቋንቋዎች ሲሆን የእኛ የዋግ አገውኛ ግን ከነዚያ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ በቤቱ አገውኛ የሚናገረው ወገናችን ፊደል የለየው በአማርኛ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጮክ ብሎ አሳምሮ አንብቦ «ምን ይላል?» ሲባል ዝም ቢል አይነቀፍም፤ የተሸከመው ሁለት ሥራ ነው። የሚነቀፈው ሳይገባው ገብቶኛል የሚለው ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት የዋላችሁ ታውቁታላችሁ። ልጅ ፊደል ከለየ በኋላ በግእዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል እንጂ በአንድ ቀን አንባቢ አይባልም። የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ ይታረማል። በአማርኛም ያው ነው። «የገና መዋጮ ገና አልተሰበሰበም» ብለን ብንጽፍ ሁለቱ «ገና» በፊደል አንድ ናቸው፤ አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል። ይህን የሚለየው እስከ አራት ነጥቡ የሚሄድ ሰው ነው። (መዋጮው በእውነትም አልተሰበሰበም።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንዲት እናታችን የመሬት ኪራይ ውል ይዘው መጡ። ያነበበላቸው ሰው «ኪራይ ነው፣ ይፈርሙ» ብሏቸው ኖሯል። ቁጭ ብለን ቃል በቃል ስናየው የተነገራቸው 2 ዓመት፣ የተጻፈው 5 ዓመት ሆኖ ተገኘ። ደግነቱ አውራ ጣታቸው ገና ቀለም አልነካም ነበር። እዚያ ላይ ያዳናቸው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ማየት ብቻ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። የይዞታ ደብተርም እንዲሁ ነው። በክልላችን የባልም የሚስትም ስም ይጻፍበታል፤ ስሟ የት እንዳለ በጣቷ የምታሳይ ሚስት ግን ስንት አለች?

ለሰው የሚያነብ ደግሞ የባሰ አደራ አለበት። ከራሱ አይጨምርም፣ የከበደውን ቃል አይዘልም፤ ካልገባው «ይህ አልገባኝም፣ ሌላ ሰው እንጠይቅ» ይላል። የሰው ደብዳቤ አንብቦ ጠላ ቤት የሚያወራውንስ አንባቢ አንለውም፤ ወሬኛ ነው።

ልጆቻችን ዛሬ በትምህርት ቤት አገውኛውንም በፊደል ይማራሉ። የመድኃኒት ወረቀትና የፍርድ ቤት መጥሪያ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰን በአማርኛ ነውና ልጅ ለአያቱ አንብቦ በአገውኛ ያስረዳ፤ አያትም «ድገመው» ለማለት አይፈር።

ከመጪው እሑድ ጀምሮ ከስብሰባ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል እዚሁ እንቆያለን። ውልም፣ ደብዳቤም፣ የሐኪም ወረቀትም ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። መነጽር ያለው መነጽሩን አይርሳ።